ከሠራተኛው በፊት ሥራውን እንይ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የሰው ኃይል ባለሙያዎች ማኅበራችን አባላት፣ የሙያ አጋሮቼና ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ያላለቀ የቅጥር ፋይል፣ ያልተፈረመ የፈቃድ ቅጽ፣ መልስ የሚጠብቅ ቅሬታ ትታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ስልካችሁ ስንት ጊዜ እንደሚጠራም አይጠፋኝም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት በእጃችሁ ነው። ጸሐፊያችን ከሰዓት በኋላ በዝርዝር ታቀርበዋለች። እኔ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ስናወራ ሁልጊዜ የምናየው ሠራተኛውን ነው። ሥራውን አናየውም።

አንድ ገጠመኝ ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት የሰው ኃይል ኃላፊ ሆኜ እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች የጤና ሳምንት አዘጋጀን። ብዙ የለፋንበት ዝግጅት ነበር። የደም ግፊት ተለካ። ስለ ጭንቀት ባለሙያ መጥቶ ትምህርት ሰጠ። ጠዋት ጠዋት ስፖርት ነበር። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የውሃ ኮዳ አደልን። አርብ ማታ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን ቢሮዬ ገባች። በአንድ እጇ ኮዳውን፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ወረቀቱ መልቀቂያ ነው። «እስቲ ቁጭ በይ» አልኳት። ተቀመጠች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት «የግል ጉዳይ ነው» አለችኝ። እዚህ ያለን ሁሉ ይህችን መልስ እናውቃታለን። ፋይሏን አስመጣሁ። ያልወሰደችው 43 ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። ሦስቱም ጊዜ «በሥራ ብዛት ምክንያት ይተላለፍ» ተብሎ ተመልሶላታል። ቅጾቹን አገላበጥኩ። ሦስቱም ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ከእሷ ክፍል ሁለት ሰው ለቆ ነበር። አልተተኩም። ሥራቸው ወደ እሷ ዞረ። ያቺን ሰኞ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «የጭንቀት ትምህርቱን ወድጄዋለሁ። ግን ሲያልቅ የተመለስኩት ወደዚያው ጠረጴዛ ነው።» ልናስቀራት አልቻልንም። ሁለት ወር ሳይሞላ በእሷ ቦታ ሁለት ሰው ተቀጠረ። ያ ቅጥር አስቀድሞ ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ አትሄድም ነበር።

እኔ በፋይል ያየሁትን የዓለም የጤና ድርጅት በትርጉም አስቀምጦታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ በሥራ መዛልን፣ በተለምዶ በርንአውት የምንለውን፣ በሽታ አላለውም። በአግባቡ ያልተያዘ የዘወትር የሥራ ጫና የሚያመጣው፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ብሎታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራ በልብ መራቅ፣ እና የሚሠሩት ሁሉ ውጤት የማያመጣ መስሎ መታየት። ትርጉሙን ልብ ብላችሁ አንብቡት። «ያልተያዘው» ጫናው ነው። ጫናውን መያዝ ደግሞ በዋናነት የአሠሪው ሥራ ነው፤ የእኛም።

የሥራ ሰዓት ነገርም እንደዚያው ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት የኢንዱስትሪ ሠራተኛ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይኸው ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋን በ17 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ትርፍ ሰዓት ስናጸድቅ ብዙ ጊዜ የምናየው በጀቱን ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ግን ከበጀቱ አጠገብ አድርገን እንያቸው።

ታዲያ የጤና ፕሮግራሞቻችን ጥቅም የላቸውም? እንደዚያ አላልኩም። ግን ልካቸውን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ወደ 33,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ያሉት አንድ የችርቻሮ ድርጅት ከ160 የሥራ ቦታዎቹ መካከል 20ዎቹ በዕጣ ተመርጠው የጤና ፕሮግራም ተጀመረባቸው። ከ18 ወር በኋላ ፕሮግራሙን ያገኙት ሠራተኞች ስፖርት አዘወትረናል፣ ክብደታችንን እየተቆጣጠርን ነው ብለው የመለሱት ከሌሎቹ በዝተው ነው። የደም ግፊታቸው፣ የሕክምና ወጪያቸው፣ ከሥራ መቅረታቸው፣ የሥራ አፈጻጸማቸው ግን ከሌሎቹ የጎላ ልዩነት አልታየበትም። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ ያ የባልደረባችን ጠረጴዛ ነው። የደም ግፊት እንለካ፤ ሳያውቀው የታመመ ሰው ይገኝበታልና። ለለካነው ሰው ግን የሚያሳርፍ ፈቃድም እንስጠው።

ወደ ስልጠና ልለፍ። እዚህም ያው ጉድለት አለ። አንድ ወቅት 20 ሠራተኞችን በአዲስ የመረጃ ማደራጃ ሶፍትዌር ላይ አሠለጠንን። አምስት ቀን ሙሉ ነው። ሰርተፊኬት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳን። በመጨረሻው ቀን ያስሞላነው የአስተያየት ቅጽ «በጣም ጥሩ» በሚል ተሞልቶ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱን ሠልጣኝ ሥራ ቦታው ሄጄ «እንዴት ነው፣ እየተጠቀምክበት ነው?» አልኩት። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። ሶፍትዌሩ አልተጫነም። የመጠቀሚያ ፈቃዱ ገና አልተገዛም። ሰርተፊኬቱ ግን መሳቢያው ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ በቃሉ ያጠናውን ካልደገመው አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚጠፋበት በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። ሦስት ሳምንትማ ምን ይቀራል? አሜሪካዊው የስልጠና ምሁር ኪርክፓትሪክም እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ስልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን ጽፏል። ሠልጣኙ ወደደው? ተማረው? ሥራው ላይ አዋለው? ለድርጅቱስ ምን ለወጠ? እኛ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዋን ጠይቀን ፋይሉን እንዘጋለን። ለሚቀጥለው ዓመት የምጠይቃችሁ ሦስተኛዋን ጥያቄ ነው። ስልጠናው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ሠልጣኙ ጋ በእግራችሁ ሂዱ። ኮምፒውተሩን ወደ እናንተ ያዙርላችሁ።

በሕግ በኩል ያለውን ባጭሩ ላንሳ፤ ነገ ራሱን የቻለ መድረክ አለው። በሥራ ዓለም ጥቃትንና ትንኮሳን የሚከለክለው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ በ2021 ሥራ ላይ ውሏል። ቋሚ ሠራተኛን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ተለማማጁን፣ በጎ ፈቃደኛውን፣ ሥራ አመልካቹን ጭምር ነው። በስልክና በኢንተርኔት የሚፈጸመውንም ይመለከታል። ደንባችሁን አውጥታችሁ እዩት። ለቃለ መጠይቅ የመጣች አመልካች አቤት የምትልበት አንቀጽ አለው?

አሁን ወደ ቅርብ ኃላፊዎች ልምጣ። በእኔ እምነት ከምንሠራው ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው። ሠራተኛው ድርጅቱን የሚያየው በቅርብ ኃላፊው በኩል ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው እሱን ነው። ልጁ ሲታመምበት ቀድሞ የሚደውለው ለእሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ላይ ኃላፊዎች የሠራተኞቻቸውን ጭንቀት እንዲያውቁና እንዲረዱ ይሠልጥኑ ብሎ መክሯል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ጎበዝ የሂሳብ ባለሙያ እናገኛለን፣ ጎበዝ ስለሆነ ኃላፊ እናደርገዋለን። ሰው እንዴት እንደሚመራ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላሳየውም። ሲያጠፋ ማስጠንቀቂያ እንጽፍለታለን። ይህ ለእሱም ለቡድኑም ግፍ ነው።

እኔ ከዚያች ሰኞ ወዲህ የያዝኩት አንድ ልማድ አለ። በየሦስት ወሩ በየክፍሉ ያልተወሰደ ፈቃድ፣ የተሠራ ትርፍ ሰዓትና የለቀቀ ሰው ብዛት አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ሦስቱም ከፍ ብለው የሚታዩበት ክፍል ካለ ስብሰባ አልጠራም። ሄጄ እቀመጣለሁ፣ አዳምጣለሁ። መልቀቂያ ይዞ የመጣን ሰው «ለምን ትሄዳለህ?» ከማለት፣ ገና በሥራ ላይ ያለውን «ምን ቢስተካከል ደስ ብሎህ ትሠራለህ?» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የግል ጉዳይ» የሚል መልስ ያመጣል። ሁለተኛው እውነቱን።

እናንተም ሰው ናችሁ። የሰውን ኀዘን፣ ጠብና ሚስጥር ቀኑን ሙሉ እየሰማችሁ ለማንም የማትናገሩ ናችሁ። ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ፣ የማኅበሩ አባላት እርስ በርስ የሚደማመጡበት ትንንሽ ቡድን እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቧል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። እኔ እደግፈዋለሁ።

ወንበራችሁ ላይ ነጭ ወረቀት አለ። በመሥሪያ ቤታችሁ ባለፈው ዓመት ፈቃዱን ሳይወስድ የቀረ ሠራተኛ ስንት እንደሆነ ጻፉበት። ስም አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ይበቃል። ቁጥሩን የማታውቁት ባዶውን አጥፋችሁ መልሱት። ወረቀቶቹ በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ይገባሉ። ከሻይ እረፍት ስንመለስ ውይይቱን የምንጀምረው ሳጥኑን ከፍተን ነው።

ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።