ሰባት ነበሩ ወይስ ስምንት? የ1972ቱ የዓለም የፖከር ውድድር ተጫዋቾች

(ምስል፦ ላስ ቬጋስ፣ ፍሪሞንት ጎዳና፣ የሆርስሹ ቁማር ቤት)

በ1949 ቁማርተኞቹ ጆኒ ሞስ እና «ግሪኩ» ኒክ ዳንዶሎስ በቤኒ ቢኒየን ሆርስሹ ቁማር ቤት ውስጥ፣ ሕዝብ ከቧቸው እያየ፣ አምስት ወር ሙሉ ፖከር በተባለው የካርታ ቁማር ተፋለሙ ይባላል። የዓለም የፖከር ውድድር ሐሳብም ከዚያ ተፀነሰ ይላሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ነገር ግን ቢኒየን ሆርስሹን የከፈተው በ1951 ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ ወይ ዓመቱ ተሳስቷል ወይ ቦታው፤ ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም።

የመጀመሪያው ውድድር በ1970 ተካሄደ። ሞስ አሸናፊ የሆነው በተጫዋቾቹ ድምፅ ተመርጦ ነው። ስለዚያ ዓመት የመጨረሻ ካርታ የሚተርክላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት።

(ምስል፦ በነጭ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች፣ 7 እና 8)

እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ 1972 ነው። የውድድሩ መዝገብ ስምንት ተጫዋቾች ይላል። ቢኒየን ግን በ1973 ለኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የቃል ታሪክ አሰባሳቢ ሲናገር፣ አምና ሰባት ነበሩ፣ ዘንድሮ 13 ሆኑ ብሏል። ደጋሹ እርሱ፣ ቤቱ የእርሱ፣ ያለፈውም ገና አንድ ዓመት ነው። ታዲያ ማንን እንመን?

ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። የሁሉም መግቢያ ተደምሮ ለአሸናፊው ይሰጣል፤ መግቢያው 10,000 ዶላር፣ ለዚያ ዓመት አሸናፊ ለአማሪሎ ስሊም የተመዘገበው ሽልማት 80,000 ዶላር፤ ሲካፈል ስምንት ይወጣል። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። አንድ ጸሐፊ ሽልማቱን ያገኘው ስምንትን በ10,000 አባዝቶ ከሆነ፣ ሁለት ምስክር ያልነው ነገር አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። በዚያ ላይ ከተጫዋቾቹ አንዱ ዶይል ብረንሰን ጨዋታው ሳያልቅ ድርሻውን ይዞ መነሣቱን ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ 80,000 ከተባለው ገንዘብ ስሊም ኪስ የገባው ከፊሉ ብቻ ነው። ጉዳዩን የሚቋጨው በዚያው ሳምንት የተጻፈ የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ነው፤ ከድምሩ ይልቅ ስሞቹን አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል።

የ1973ቱን ግን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ቢኒየን 13 ያለው በዚያው ዓመት፣ ነገሩ ከዓይኑ ሳይጠፋ ነው፤ የዚያ ዓመት አሸናፊ የፓጊ ፒርሰን ሽልማትም 130,000 ዶላር ነው። ለ1972 ስምንት ብዬ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ግን የቢኒየንን ሰባት አስፍራለሁ።