አስማቱ ከየት ይመጣል? የሃሪ ፖተር አድናቂዎች መላምቶች ሲፈተሹ

[ስክሪን፦ ጥቁር። የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ።]

በስድስተኛው መጽሐፍ ሃሪ ፖተር እጅ አንድ አሮጌ የመድኃኒት ቅመማ መማሪያ ይገባል። በገጾቹ ዳር አንድ የቀድሞ ተማሪ በእጁ የጻፋቸው ድግምቶች አሉ። ከአንዱ ድግምት አጠገብ «ለጠላት» ከሚል በቀር ማብራሪያ የለም። ከወራት በኋላ ሃሪ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከባላንጣው ከድሬኮ ማልፎይ ጋር ይጋጠማል። ድሬኮ በማሰቃያው ድግምት ሊመታው ሲል ሃሪ ያንን ያልተፈተነ ቃል ጮኾ ይጠራል። የድሬኮ ፊትና ደረት ተሰንጥቆ ደሙ ወለሉን ያለብሰዋል።

ሃሪ ይህ እንዲሆን አልፈለገም። ቃሉ ምን እንደሚያደርግ እንኳ አያውቅም ነበር። ታዲያ ድግምቱ ሥራውን ከየት አወቀ?

[ስክሪን፦ ርዕስ]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናየው በሃሪ ፖተር ዓለም አስማት በምን ሕግ እንደሚሠራ አድናቂዎች ያቀረቧቸውን መላምቶች ነው። መሠረቴ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 የወጡት ሰባቱ መጻሕፍት ናቸው፤ ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ከመጻሕፍቱ ውጭ የተናገረችውንም ሲያስፈልግ እጨምራለሁ። ታሪኩን ገና ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ብዙ ነገር ስለሚገለጥባችሁ ቀድማችሁ እወቁት።

በጣም የተስፋፋው መላምት አስማት ከስሜትና ከፍላጎት ይመነጫል የሚለው ነው። ማስረጃው ቀላል አይደለም። ሃሪ ገና በአክስቱ ቤተሰብ በዱርስሌዎች ቤት ሳለ፣ ያለ በትርና ያለ ቃል፣ ሲናደድ ወይም ሲፈራ ነገሮች ይሆናሉ፤ በሦስተኛው መጽሐፍ አክስት ማርጅን እንደ ፊኛ የነፋት ንዴቱ ነው። ደስታን የሚመጥጡትን ፍጡራን፣ ደመንተሮችን፣ የሚያባርረው ፓትሮነስ የተባለው የብርሃን ጠባቂ ደስ የሚል ትዝታ ካልተያዘ አይወጣም። ቶንክስ በፍቅር ስትጎዳ መልኳን የመለዋወጥ ችሎታዋ ይከዳታል፣ የፓትሮነሷም ቅርጽ ይለወጣል። ከጠላቶቹ አንዷ ቤላትሪክስ ደግሞ ሃሪ የማሰቃያውን ድግምት ሲሞክርባት፣ እንዲህ ያለው ድግምት የሚሠራው ከልብ ሲፈልጉት ብቻ እንደሆነ እየተሳለቀች ትነግረዋለች። መትቶ ጥሏታል፤ ሕመሙ ግን አልቆየም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። የድሬኮ ደም ግን መላምቱን ያፈርሰዋል። በዚያው መጽሐፍ ሌላም ምሳሌ አለ፦ ሃሪ ከኅዳጉ ያገኘውን አንድ ድግምት ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ በልቡ ብቻ ይለዋል፤ ተኝቶ የነበረው ጓደኛው ሮን በቁርጭምጭሚቱ ተንጠልጥሎ ይገኛል። የማታውቀውን ነገር ልትፈልገው አትችልም።

[ስክሪን፦ የሚንሳፈፍ ላባ]

በዚህ ምክንያት ሌሎች አድናቂዎች ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሄዱ፤ ኃይሉ ያለው በቃሉ ውስጥ ነው አሉ። ላባዋን ለማንሳፈፍ ሲሞክሩ ጓደኛቸው ሄርማዮኒ ሮንን ያረመችው አነጋገሩን ነው። ፕሮፌሰር ፍሊትዊክም አንድ ፊደል አሳስቶ ስለጠራ ደረቱ ላይ ጎሽ ተቀምጦበት ስለተገኘው ስለ ጠንቋዩ ባሩፊዮ ተማሪዎቹን ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ከስድስተኛ ዓመት ጀምሮ ተማሪዎች ድምፅ ሳያወጡ ድግምት መወርወር ይማራሉ። የቤት ኤልፎች ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ጣታቸውን ያጮኻሉ፣ ነገሩም ይሆናል። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ሙዲ መስሎ የሚያስተምረው ሰው ለክፍሉ የሚለውን ልብ በሉ፦ ሁላችሁም በትራችሁን ወደ እኔ አነጣጥራችሁ የግድያውን ድግምት ብትጠሩ አፍንጫዬ እንኳ መድማቱን እጠራጠራለሁ ይላቸዋል። ቃሉን ያውቁታል፤ ከቃሉ ጀርባ የሚያስፈልገው ኃይል ግን የላቸውም።

እኔን የሚያሳምነኝ ሦስተኛው መላምት ነው። ድግምት አንድ ሰው መጀመሪያ የቀየሰው፣ ሌላው የሚከተለው ነገር ነው። ሜዳ ላይ ሰው እየተመላለሰ ያወጣውን የእግር መንገድ አስቡ፤ የት እንደሚያደርስ ሳያውቅም የሚሄድበት እንግዳ መንገዱ ወዳለበት ይደርሳል። ያንን የሚሰነጥቅ ድግምት የፈጠረው የመማሪያው የቀድሞ ባለቤት፣ በኋላ መምህር የሆነው ስኔፕ፣ በተማሪነቱ ዘመን ነው። ጥላቻው የእሱ ነው፣ ዓላማውም የእሱ ነው። ሃሪ ቃሉን በጠራ ጊዜ የገባው ስኔፕ በቀየሰው ውስጥ ነው፤ ለዚህም ነው ቁስሉን ለመዝጋት ራሱ ስኔፕ መጥቶ ዜማ በሚመስል ቃል መልሶ መላልሶ መድገም ያስፈለገው።

በዚህ አስተያየት ሁለቱም የቀደሙት መላምቶች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቃሉና የእጅ እንቅስቃሴው አቅጣጫውን ይመርጣሉ። እስከ መጨረሻው ለመድረስ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን ከሰውየው ውስጥ ይመጣል፤ ጨካኝ ድግምት ጨካኝ ልብ የሚሻውም ለዚህ ነው። ልጆች ሳያውቁ የሚያደርጉት አስማት ደግሞ አቅጣጫ ያላገኘ ጉልበት ነው።

[ስክሪን፦ የአፍሪካ ካርታ]

ታዲያ በትሩስ? እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። ሮውሊንግ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ «የጨረቃ ተራሮች» ከሚል በቀር አድራሻ ስለሌለው ስለ ዋጋዱ ትምህርት ቤት ጽፋለች። ትምህርት ቤቱ ከመላው አፍሪካ ተማሪ የሚቀበል፣ ቢያንስ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። በጽሑፉ መሠረት በትር የአውሮፓ ፈጠራ ነው፤ አፍሪካውያን አስማተኞች የተቀበሉት ባለፈው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ ሲሆን እስከ ዛሬም ብዙውን ድግምት በጣት በመጠቆም ወይም በእጅ ምልክት ያደርጉታል። የዋጋዱ ተማሪዎች አስማትን ከሌላው ሰው የሚሰውረውን የምስጢራዊነት ሕግ ጥሰዋል ተብለው ሲከሰሱ የሚያቀርቡት መከላከያም ተጠቅሷል፦ እጄን ማወዛወዜ ብቻ ነበር፣ የሰውየው አገጭ እንዲወልቅ አላሰብኩም።

ይህች አንቀጽ ብቻዋን «ያለ በትር አስማት የለም» የሚለውን መላምት ትዘጋለች። በትር ይጠቅማል፣ በጣም ይጠቅማል። የሃሪ የክፍል ጓደኛ ኔቪል አምስት ዓመት ሙሉ የአባቱን በትር ይዞ ሲደናበር ቆይቶ፣ ያ በትር ተሰብሮ የራሱን ሲያገኝ ይሻሻላል። ግን በትሩ የሚያደርገው ያለውን ኃይል ሰብስቦ ማነጣጠር ነው።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያም በዚህ ዓለም ውስጥ አለች። በሁለተኛው መጽሐፍ ተማሪዎቹ በስፕራውት አትክልት ቤት ውስጥ የሚከረክሙት ተክል የአቢሲኒያ ተብሎ የተጠራ የበለስ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው፣ አስማተኞች በመጥረጊያ እየበረሩ ስለሚጫወቱት ስለ ኩዊዲች ታሪክ በሚተርከው መጽሐፍ ደግሞ የመላው አፍሪካን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የወሰደ የኢትዮጵያ ቡድን አለ፦ የጊምቢ ግዙፍ ገዳዮች። አዎ፣ የወለጋዋ ጊምቢ! ይህን ስሜት ለሚጋራኝ ሁሉ የምለው፣ የጊምቢ አጥቂ መጥረጊያው ላይ ተቀምጦ በባዶ እጁ ድግምት ሲወረውር የሚያሳይ ታሪክ ቢጻፍ በመጀመሪያው ቀን ገዝቼ አነበው ነበር።

[ስክሪን፦ ባዶ ሳህን]

ስለ ገደቦቹ ባጭሩ። በሰባተኛው መጽሐፍ ሄርማዮኒ የጋምፕን ሕግ ትጠቅሳለች፦ ከምንም ተነሥቶ ሊፈጠር የማይችል አምስት ነገር አለ፣ አንዱ ምግብ ነው። የት እንዳለ ካወቅክ ልትጠራው ትችላለህ፣ ያለህን ልታበዛው ትችላለህ። የቀሩት አራቱ በመጻሕፍቱ ውስጥ አልተዘረዘሩም። በዚያው መጽሐፍ መምህርቷ ማክጎናጋል የራቨንክሎው ተማሪዎች ማደሪያ በር የጠፉ ነገሮች የት እንደሚሄዱ ሲጠይቃት ወደ አለመኖር፣ ማለትም ወደ ሁሉም ነገር ብላ ትመልሳለች። አስማት የኃይል ጥበቃ ሕግን አይጥስም የሚሉ አድናቂዎች ይህን መልስ ይወዱታል። እኔ ግን አንድ አረፍተ ነገር ላይ ፊዚክስ መገንባት አልችልም፤ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ኃይሉ በውስጥ ያለ ከሆነ ማን ያገኘዋል? ሄርማዮኒ የጥርስ ሐኪሞች ልጅ ሆና ለምን አገኘችው? የትምህርት ቤቱ ጠባቂ ፊልች ከአስማተኛ ቤተሰብ ተወልዶ ለምን አጣው?

[ስክሪን፦ የዘር ሐረግ ሥዕል]

ይህ ጥያቄ ሳይንቲስቶችንም ስቧል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ኔቸር የተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት የሜልበርን ተመራማሪዎችን ደብዳቤ አወጣ። ሐሳባቸው ሃሪ ፖተርን ለልጆች የዘር ውርስ ማስተማሪያ ማድረግ ነበር። አስማተኝነት በአንድ ጂን ይወሰናል እንበል አሉ፤ የአስማቱ ቅጂ ተሸፋኝ ስለሆነ ልጁ ከእናቱም ከአባቱም ካልወረሰው አይታይም። የሄርማዮኒ ወላጆች እያንዳንዳቸው አንድ የተሸፈነ ቅጂ ከያዙ፣ አስማተኛ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። በቀጣዩ ወር የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በዚያው መጽሔት ላይ ይህ ድምዳሜ ችኩል ነው ብለው መለሱ።

ሐሳቡ ያምራል፤ መጻሕፍቱ ግን አይደግፉትም። የሃሪ የክፍል ጓደኛ የሲመስ አባት ማግል፣ ማለትም አስማት የሌለው ሰው፣ ነው። የስኔፕ አባት ማግል ነው። የታሪኩ ዋና ጠላት የቮልደሞርት አባትም ማግል ነው። የአስማቱ ቅጂ ተሸፋኝ ቢሆን ኖሮ፣ ምንም ቅጂ ከሌለው ማግል የሚወለድ ልጅ በሙሉ ማግል ይሆን ነበር። እነዚህ ሁሉ አባቶች በአጋጣሚ የተደበቀ ቅጂ ነበራቸው ልንል ነው? ሮን ደግሞ ከማግል ጋር ባንጋባ ኖሮ ዘራችን ይጠፋ ነበር ይላል። በተሸፋኝ ጂን ሕግ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሮውሊንግ ራሷ በድረ ገጿ ላይ የአስማት ጂን አውራ፣ ማለትም አንድ ቅጂ ብቻ የሚበቃው፣ በቀላሉም የማይጠፋ ነው ብላለች። ይህ እነ ሲመስን ይፈታል፣ ሄርማዮኒን ግን ያስቸግራል፤ አንድ ቅጂ የሚበቃ ከሆነ ከወላጆቿ አንዱ አስማተኛ መሆን ነበረበት። ማግል ወለድ አስማተኞች ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረ ስኩዊብ፣ ማለትም እንደ ፊልች ከአስማተኞች ተወልዶ አስማት ያጣ፣ ቅድመ አያት አላቸው የሚለው ማብራሪያም፣ ያ አውራ ጂን በመሃል ባሉት ሰዎች ላይ ለምን ዝም እንዳለ አይነግረንም።

መውጫውን ያቀረበችው በአሜሪካ የባዮሎጂ ተማሪ የነበረች አድናቂ ናት። መላምቷን በጣም እወደዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። አንዳንድ ጂኖች ውስጥ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት ተደጋግመው ይጻፋሉ። በሐንቲንግተን ሕመም የታወቀ ነው፦ ድግግሞሹ እስከ 26 ከሆነ ችግር የለም፤ ከ27 እስከ 35 ያለው ሰው ራሱ ጤነኛ ነው፣ ግን ወደ ልጁ ሲተላለፍ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል፤ 36 ሲደርስ ሕመሙ ሊመጣ ይችላል፣ ከ40 ጀምሮ ደግሞ አይቀርም። ጂኑ አውራ ነው፣ አንድ ቅጂ ይበቃል፤ ሆኖም ከጤነኛ ወላጅ ሊጀምር ይችላል። አስማትን ከሕመም ጋር ማነጻጸር ይከብዳል፣ አሠራሩ ግን ቁልፉን ይሰጠናል። የሄርማዮኒ እናት ወይም አባት ከወሰኑ በታች ያለ ድግግሞሽ አላቸው፣ በልጃቸው ላይ አለፈ። ፊልች ላይ ደግሞ አጥሮ ከወሰኑ በታች ወረደ። ከአስማተኛና ከማግል የሚወለዱ ልጆችም፣ ሮውሊንግ ያለችው አውራነትም በአንድ ላይ ይቆማሉ። እስካሁን ካየኋቸው የውርስ መላምቶች ማስረጃውን በሙሉ የሚሸከመው ይህ ብቻ ነው።

[ስክሪን፦ የፍርድ ቤት ወንበር፣ በሰንሰለት]

በዚህ ጉዳይ እንዲህ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰባተኛው መጽሐፍ የአስማት ሚኒስቴሩ ራሱ መላምት ያወጣል። አስማት የሚተላለፈው በመዋለድ ብቻ እንደሆነ ጥናት አረጋግጧል፤ ስለዚህ አስማተኛ ቅድመ አያት ማቅረብ የማይችል ሰው ኃይሉን ሰርቋል ወይም ነጥቋል ይላል። ሰዎች ወደ አዝካባን እስር ቤት የሚላኩት በዚህ መላምት ነው። ማግል ወለዷ ሜሪ ካተርሞል በሰንሰለት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የሚኒስቴሩ ባለሥልጣን ዶሎረስ አምብሪጅ በትሯን ከየትኛው አስማተኛ እንደወሰደችው ትጠይቃታለች። ሜሪ እያለቀሰች አልወሰድኩትም፣ በ11 ዓመቴ ገዛሁት፣ እሱ ነው የመረጠኝ ትላለች። አምብሪጅ ትስቃለች። በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ አስማት አሠራር ትክክለኛውን ነገር የተናገረችው ግን ተከሳሿ ናት፤ በትር ባለቤቱን እንደሚመርጥ በትር ሠሪው ኦሊቫንደር በመጀመሪያው መጽሐፍ ነግሮናል።

የሚኒስቴሩን መላምት በአንድ ንግግር የሚያፈርሰው ማን መሰላችሁ? በትምህርት ብዙም የማይመሰገነው ሮን ነው። ዜናውን እንደሰማ፣ አስማት የሚሰረቅ ቢሆን ኖሮ ስኩዊብ የሚባል ሰው አይኖርም ነበር ይላል። ፊልችን አስቡት። ዕድሜውን ያሳለፈው በትር በያዙ ሕፃናት መካከል ነው። አስማትን ከመፈለጉ የተነሳ በድብቅ የተልእኮ ትምህርት ተመዝግቧል፤ ሃሪ በሁለተኛው መጽሐፍ ቢሮው ውስጥ ፖስታውን አግኝቶታል። ፍላጎቱ አለው፣ ቃሉን ያጠናል፣ በትር በየቀኑ በፊቱ ያልፋል። የሚሰረቅ ነገር ቢሆን፣ ከሁሉ በፊት የሚሰርቀው እሱ ነበር።