የደረቀውን ዛፍ አትቁረጡት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለወፎች የሚሠራ የበጎ ፈቃድ ሥራ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ዛሬ ካሜራችንን ይዘን የቆምነው ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ አንድ የደረቀ ብሳና ሥር ነው። ቅጠል የለውም፣ ቅርፊቱ ተልጧል፣ ጫፉም ተሰብሯል። ባለፈው ዝግጅታችን ይህን ዛፍ ያያችሁ ብዙዎቻችሁ “የሞተ ዛፍ ለምን አቁማችሁ ታያላችሁ? ቆርጣችሁ አዲስ ችግኝ አትተክሉበትም?” ስትሉ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ከሦስት ዓመት በፊት እንደዚያው እናስብ ነበር። የዛሬው ዝግጅት በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

(ምስሉ ወደ ግንዱ ይቀርባል)

ይህችን ቀዳዳ ተመልከቱ። ከመሬት ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትታየው፣ ከቡና ስኒ አፍ ጠበብ ያለች ክብ ቀዳዳ ናት። ዳርዳሯ በብዙ እግር እንደተረገጠ ደጃፍ ለስልሷል። ከግንዱ ሥር ደግሞ ዘንድሮ የተፈለፈለ የእንጨት ብናኝ አለ። አሁን ዝም ብለን እንጠብቅ። ፀሐይ ወደ ጦሳ ጀርባ ስታዘነብል ባለቤቶቹ ይመጣሉ።

እስኪመጡ ድረስ እንዴት እንደጀመርን ልንገራችሁ። እኛ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ዶማና ጀሪካን ይዘን ከቤት የምንወጣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና ጡረተኞች ነን። የመጀመሪያው የዘመቻ ቀናችን ስሙ “ጽዳት” ነበር። አጋሙን መነጠርነው፣ ቀጋውን ቆረጥነው፣ መካከል ላይ የነበረውን ደረቅ ግንድም ለሻይ ማፍያ እንዲሆን ጣልነው። ግንዱ ወድቆ ሲሰነጠቅ ከውስጡ አራት ነጫጭ እንቁላሎች ወጡ፤ ሦስቱ ተሰብረው ነበር። አንዲት ተማሪ አራተኛውን በመዳፏ ይዛ “አሁን ይህን የት እናስቀምጠው?” ስትል ሁላችንንም ጠየቀችን። መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሻይ የጠጣ ያለ አይመስለኝም። ለወፍ የሚደረገው ግማሹ ሥራ መትከል ሲሆን ሌላው ግማሽ መተው እንደሆነ የተማርነው ከዚያ ግንድ ነው።

እንግዲህ ወደምወደው ንጽጽር ልግባ፤ ደጋግሜ የማነሣው ስለሆነ ነባር ተመልካቾቻችን ታገሡኝ። ደሴ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ስትፈልጉ መጀመሪያ ደላላ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ትጠየቃላችሁ፣ ቀጥሎም “ልጅ አላችሁ ወይ? እንግዳ ታበዛላችሁ ወይ?” ትባላላችሁ። የወፎቹ ሠፈርም ቤት ሠሪና ተከራይ አለው። ቤት ሠሪው ግንደ ቆርቁር ነው። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ደረቁን እንጨት በምንቃራቸው ይፈለፍላሉ፤ በር ያወጣሉ፣ ከበሩ ወደ ታች ጠልቆ የሚወርድ ጓዳ ይሠራሉ፣ ምንጣፉም ከውስጥ የቀረው ብናኝ ይሆናል። ጫጩቶቻቸውን አሳድገው ከወጡ በኋላ፣ በአብዛኛው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አዲስ ቤት ይሠራሉ። አሮጌው ቤት ያለ ደላላ፣ ያለ ቀብድ፣ ያለ ኪራይ ለጎረቤት ይቀራል። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ አከራይ ያገኘ ሰው ካለ እባካችሁ አስተዋውቁን።

ታዲያ ተከራዮቹ እነማን ናቸው? ምንቃራቸው እንጨት ለመፈልፈል የማይችል፣ ግን ያለ ቀዳዳ ጫጩት ማሳደግ የማይችሉ ወፎች ናቸው። ከእነዚህ አንዷ በጣም የምንኮራባት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዱር የማትገኘው፣ ክንፏ ጠቆር ያለው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ናት። ይህች በቀቀን ቀዳዳውን ለእንቁላል ብቻ አትፈልገውም፤ ዓመቱን ሙሉ ታድርበታለች። የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የምታውቁ ሰዎች፣ ክብደቷ ከአንድ እፍኝ ስንዴ የማይበልጥ ፍጥረት ሌሊቱን ሜዳ ላይ ማደር ምን እንደሚሆንባት አስቡት። የበሩ ጥበትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሷ ትገባለች፣ ጭልፊት ግን አንገቱን እንኳ ማስገባት አይችልም። ስለዚህ አንድ ደረቅ ግንድ ስንቆርጥ አንድ ዛፍ ሳይሆን አንድ ግቢ ሙሉ ተከራይ ከነልጆቹ በአንድ ቀን እናፈናቅላለን። አዲስ የተተከለ ችግኝ ደግሞ እንዲህ ያለ ግንድ ለመሆን ብዙ አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል።

መጡ! ተመልከቱ፣ ቀስ በሉ።

(ምስል፦ በቀቀኖች ቅርንጫፉ ላይ ያርፋሉ)

ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ግንባሯም አረንጓዴ ነው፣ ምንቃራቸው ግን የሁለቱም ቀይ ነው። መጀመሪያ አንዱ ገባ። ሁለተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ዙሪያዋን ቃኝታ ገባች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ዛሬ አምስት ናቸው። ይህን ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ደብተራችን ላይ እንጽፋለን፤ ቆጠራ ከበጎ ፈቃድ ሥራዎች ሁሉ ወጪ የሌለውና ብዙ የሚጠቅመው ነው። በብዙ አገሮች በየዓመቱ ጥር ላይ የውሃ ወፎች የሚቆጠሩት እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ቆጣሪዎች እንደ እኛ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው። በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ አለ።

የሚተከለውን ነገር በአጭሩ ልበል፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። አገር በቀል ዛፍ አገር በቀል አባጨጓሬ ይመግባል፣ አባጨጓሬውም ጫጩት ያሳድጋል፤ ጥሬ የሚለቅሙ ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ብሳና፣ ዋንዛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ዙሪያ ይስማማሉ። ሾላና ዋርካ ከቅርንጫፍ ቁራጭም ይበቅላሉ፤ የአንዱ ዛፍ ፍሬ ሲያልቅ የሌላው ስለሚደርስ ለወፎች ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ገበያ ናቸው። ወፎቹም በተራቸው የወይራና የጥድ ፍሬ በልተው ዘሩን በኩሳቸው ይጥላሉ፤ የሚጥሉትም በሚያርፉበት ቁጥቋጦ ሥር ነው። በአጋሙ እሾህ ሥር የበቀለችውን ይህችን የወይራ ቡቃያ እዩ። ማንም አልተከላትም፣ ማንም አላጠጣትም፤ ጥላውን አጋሙ ይሰጣታል፣ ፍየልንም አጋሙ ይከለክልላታል። እኛ በመጀመሪያው ዘመቻ “ቆሻሻ” ብለን የመነጠርነው ይህንኑ ሞግዚት ነበር።

ባሕር ዛፍንስ? ስለ ባሕር ዛፍ ያለኝ አስተያየት ብዙዎች ከሚሉት ይለያል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ የብዙ ሰው ማገዶ፣ የቤት ማገርና የችግር ቀን ገንዘብ ሆኖ ኖሯል፤ ረጃጅሞቹ ላይ ጎጆ የሚሠሩ ትልልቅ ወፎችም አሉ። የሚጎዳው ምንጭ ዳርና ወንዝ ዳር ሲተከል፣ በአገር በቀሉም ቦታ ሲገባ ነው። ገበሬውን ንቀሉ አንልም፤ የወንዙን ዳር ግን ለሾላ ተዉለት እንላለን።

አሁን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ደርሰናል። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ደሴ ላይ የተጣለ ፌስታል ጨፋ ላይ ያለችውን ወፍ ያገኛታል። በክረምት ሸማኔ ወፎች ወንዙ ላይ ባዘነበሉ ቅርንጫፎች ጎጇቸውን ያንጠለጥላሉ። ሣር ሲያጣ ወይም ክር ማግኘቱ ሲቀለው፣ ሸማኔው የማዳበሪያ ከረጢት ክር ይሸምናል። ባለፈው ነሐሴ ከወደቀ ጎጆ ውስጥ እግሩ በዚህ ክር የተተበተበ ጫጩት አግኝተን፣ አንድ ልብስ ሰፊ ባልደረባችን በጥፍር መቁረጫ ክሩን አንድ በአንድ ፈታለት። እግሩ ቀልቶ አብጦ ነበር፤ ግን ቆመበት። ከዚያ ወዲህ በቦርከና ዳር ከፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀድመን የምንለቅመው ክር ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዮጎፍ ደን ልወጣ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን አንድ ጉዳይ በጣም ደጋግማችሁ ስላነሣችሁት ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። “ጥንብ አንሳ በሽታ ታመጣለች፤ ከቄራው አካባቢ ለምን አታባርሯትም?” ብላችሁናል። አንዳንዶቻችሁም ልጆች በድንጋይ ሲያባርሯቸው የሚያሳይ ምስል ልካችሁልናል። ስለዚህ ዮጎፍ ለሚቀጥለው ይቆይና ይህን እንነጋገር።

ጥንብ አንሳ በሽታ ካለበት ቦታ ትታያለች፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሁልጊዜ እሳት ካለበት ስለሚታይ እሳቱን እሱ ለኮሰው እንደማይባል ሁሉ፣ ጥንቡንም ጥንብ አንሳ አላመጣችውም። የጨጓራዋ አሲድ እጅግ ብርቱ በመሆኑ ሌላውን እንስሳ የሚገድሉ አብዛኞቹ ተሕዋስያን እዚያ ይጠፋሉ። የሞተ በሬ ሜዳ ላይ ቢቀር ለውሻ፣ ለዝንብና ለጎርፍ ይተርፋል፤ ጥንብ አንሶች ከደረሱበት ግን በአጭር ጊዜ አጥንት ብቻ ይቀራል።

ይህ ግምት አይደለም፤ ሕንድ በከባድ ዋጋ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሕንድ ጥንብ አንሶች በድንገት አለቁ፤ ከዋነኞቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ጠፋ። መንሥኤው ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበሉት ጥንብ አንሶች ኩላሊታቸው እየተጎዳ ሞቱ። ጥንቡ በየሜዳው ሲቀር የባዘኑ ውሾች በዙ፣ ከእነርሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ጨመረ። ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ወፎቹ ግን በቶሎ አልተመለሱም፤ እነዚህ ጥንብ አንሶች በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነውና።

በአፍሪካም ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ በቀረቡት ተርታ ተመዝግበዋል፤ አራቱም አገራችን ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። በቄራ ደጃፍ የምናያት፣ አንገቷ የተራቆተው ትንሿ ጥንብ አንሳ ከእነርሱ አንዷ ናት። ከሁሉ የሚፈጃቸው ለጅብና ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው፤ አንድ የተመረዘ በድን መንጋውን በሙሉ ይጨርሳል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከልቤ እለምናችኋለሁ፣ ልጆቹን ድንጋይ አስጥሏቸው። ከብት ያላችሁ ወገኖች ሐኪሙን በዳይክሎፌናክ ፈንታ ሜሎክሲካም ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁት፤ ጥንብ አንሳን የማይጎዳ ማስታገሻ ነው። መድኃኒት የወሰደ ከብት ከሞተ ቅበሩት። መርዝ ስለማድረግ ሲወራ ከሰማችሁም ነገሩን ለቅሬው፣ ማለትም ለዕድሩ፣ ሽማግሌዎች አድርሱ። በወሎ ቅሬ የተናገረው ይሰማል፤ እኛም ከሁሉ በላይ ሰሚ ያገኘነው በቅሬ ስብሰባ ነው። ደረቅ ዛፎቹ ሳይቆረጡ የቆዩልንም በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመስጊድ መካነ መቃብር ውስጥ ነው። የአንዱን መካነ መቃብር ጥላ የሚጠብቁ ሼኽ እዚያ ስለቆመው ደረቅ ወይራ ስንጠይቃቸው፣ “ልጆቼ፣ የሚያድርበት እያለ እንዴት ቤት ይፈርሳል?” አሉን። እኔ በብዙ ደቂቃ የማስረዳውን እሳቸው በአንድ አፍ ጨረሱት።

ለሥራው መምጣት ለምትፈልጉ፦ ተከላው ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ሰው የሚያጥረን ግን ሐምሌ ላይ ሳይሆን ከጥቅምት እስከ ጥር ችግኙ ውሃ በሚሻበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጀሪካን ያላችሁ ኑ። ዶማ አያስፈልግም። ቻናላችንን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የዮጎፍ ደን ዝግጅት ሲወጣ እንዲደርሳችሁ ነው። በሠፈራችሁ የቆመ ደረቅ ዛፍ ካለ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ሥሩ ቁሙና ስንት ወፍ እንደገባ ቆጥራችሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ላኩልን። የዛሬው ብሳና አምስት ነበር።