የቮልስ መስታወት ጎማና ጌጥ አቀያየር

እሷ፦ ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጉዳያችን ከአዲስ አበባ መንገዶች እስካሁን ያልጠፋው ቮልስ፣ በተለይም የመስታወቱ ዙሪያ ጎማና በጎማው ላይ የሚቀመጠው አንጸባራቂ ጌጥ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ምንጣፋቸው የሚረጥብባቸው ባለንብረቶች ወዲያውኑ ጥፋቱን በጎማው ላይ ያደርጋሉ። ትክክል ናቸው?

እሱ፦ ሁልጊዜ አይደሉም። ውሃ በዛገ ወለልም ሆነ በፊት ኮፈን ጎማ በኩል ሊገባ ስለሚችል፣ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ሌላው ከውጭ ውሃ እያፈሰሰ በቅድሚያ ምንጩን መለየት ይገባል። ሆኖም ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማችን ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ መድረቁና መሰንጠቁ አይቀርም።

እሷ፦ ስንጥቁን በሲሊኮን መድፈንስ?

እሱ፦ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሲሊኮኑ ከጎማው ሥር የገባውን ውሃ መውጫ ስለሚያሳጣው ላሜራው ሳይታይ ይዝጋል፤ በኋላም ቅሪቱ በደንብ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም ጥቃቅን ጉድጓድ እያወጣ ቀለም ቀቢውን ያስመርረዋል።

እሷ፦ ጎማ ስንገዛ ምን እንጠይቅ?

እሱ፦ የመኪናውን የሞዴል ዓመት ይዞ መሄድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ሞዴል የኋላው መስታወት ሰፋ፤ በ1965 ሞዴል ሌሎቹም መስታወቶች ተለቁ፤ 1303 የተባለው የቮልስ ዓይነት ደግሞ የፊት መስታወቱ ጎበጥ ያለ ነው። ለጌጡ የሚሆን ቦይ ያለውና የሌለው ጎማም ስላለ፣ ቦይ የሌለውን ገዝቶ ጌጡን ለመለጠፍ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

እሷ፦ አሮጌውን ስናወጣ ጌጡ ይተርፋል?

እሱ፦ ለሚጣል ጎማ ካልሳሳን ይተርፋል። ጌጡ ቀጭን አሉሚኒየም ስለሆነ በካቻቢቴ ከፈለቀቁት ይታጠፋል፣ ታጥፎም እንደ ቀድሞው አይቃናም። የጎማውን የውጭ ጠርዝ በምላጭ ቆርጦ መስታወቱን ካወጡ በኋላ ግን ጌጡ ያለ ትግል ይለቃል። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ዝገት በብዛት የሚገኘው በታችኞቹ ማዕዘኖች ነውና ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የተበላው ተበይዶ፣ ፀረ ዝገትና ቀለም ተቀብቶ በደንብ ይድረቅ። ስቱኮ ብቻ መለጠፍ ለእኔ ጥገና አይደለም።

እሷ፦ አገጣጠሙስ?

እሱ፦ ጎማውን መስታወቱ ላይ ካጠለቅን በኋላ ጌጡን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እናስገባለን፤ መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ማስገባት እጅግ ያስቸግራል። ቀጥሎ ላሜራውን በሚይዘው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ ቀብረን፣ ጫፎቹን በማደራረብ ወደ ውስጥ እናስቀራለን። የሳሙና ውሃ ከተቀባ በኋላ አንዱ ከውጭ በመዳፉ ሲገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን በቀስታ ይስባል፤ የጎማው ጠርዝም እየተገለበጠ ላሜራውን ይጎርሳል።

እሷ፦ አልገባ ቢልስ?

እሱ፦ በቡጢ መምታት አይገባም፤ ድርብርብ መስታወት አንድ ነጥብ ላይ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ሲባጎውን መልሶ አውጥቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ሲያልቅም በቀጭን የውሃ ቱቦ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየሄዱ መፈተሽ ነው፤ ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወርዶ በየት እንደገባ ለመለየት ያስቸግራል።