ቁርጭምጭሚትን ስንይዝ ጉልበትን እናስታውስ

የተከበራችሁ የፊዚዮቴራፒና የአካል ድጋፍ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ለእግር፣ ለቁርጭምጭሚትና ለአካሄድ ችግር የሚሆነውን፣ እግር ላይ የሚጠለቅ ድጋፍ ስለ መምረጥ ነው። ከራሴ ስህተት ልጀምር። ለሥራው አዲስ በነበርኩበት ጊዜ፣ በልጅነት ልምሻ አንድ እግራቸው የሰለለ እናት መጡ። ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ በጣታቸው ይረግጡ ነበር። እኔም፣ በእጅ ሲገፋ ያለ ችግር ወደ ቦታው የሚመለሰውን ቁርጭምጭሚታቸውን በ90 ዲግሪ የሚይዝ፣ ለዓይን የሚያምር የፕላስቲክ ድጋፍ ሠራሁላቸው። አጥልቀው አንድ እርምጃ እንደሄዱ ጉልበታቸው ከዳቸው።

የፊት ጭናቸው ጡንቻ እንደማይሠራ አልመረመርኩም ነበር። በጣታቸው ሲረግጡ የመሬቱ ግፊት ከጉልበታቸው ፊት ለፊት እያለፈ፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ይቆልፍላቸው ነበር። እኔ ጉድለት ብዬ ያስወገድኩት አረጋገጥ ለካ ምርኩዛቸው ኖሯል። ስለ ቁርጭምጭሚት የምንወስነው ሁሉ ስለ ጉልበትም እንደሚወስን ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ያስተማሩኝ እኚያ እናት ናቸው።

ስለዚህ ምርጫችን ከመደርደሪያው ሳይሆን ከእርምጃው ይጀምር። ጤነኛ ሰው ሲራመድ አንዱ እግር ከእርምጃው ዑደት 60 በመቶ የሚሆነውን መሬት ላይ፣ 40 በመቶውን ደግሞ አየር ላይ ያሳልፋል፤ ችግሩ በየትኛው ክፍል እንደሚታይ ሳይለዩ ለድጋፉ የእግሩን ቅርጽ በጀሶ ማንሳት በጭፍን መስፋት ነው። በስጋ ደዌ ወይም በሌላ ምክንያት ከጉልበት በታች ያለው ነርቭ ተጎድቶ እግሩ የወደቀበት፣ ማለትም የእግሩን ፊት ወደ ላይ ማንሳት ያቃተው ሰው፣ ባቱና ጭኑ ብርቱ ከሆኑ፣ የሚቸገረው እግሩ አየር ላይ ሳለ ነው። ለእርሱ ከኋላ በኩል የሚተጣጠፍ ቀጭን ፕላስቲክ ይበቃዋል። ሆኖም የእግሩ ስሜት አብሮ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ድጋፉ ከወለቀ በኋላ ቶሎ የማይጠፋ ቅላት መኖሩን በየቀኑ ማየት እንዳለበት ሳንነግረው አንሸኘው።

በስትሮክ ምክንያት ጡንቻው የገተረ ሰው ግን ቀጭኑን ፕላስቲክ በቀላሉ ያጣምመዋል፤ ለእርሱ ጠርዙ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ወደ ፊት አልፎ የሚይዝ ግትር ድጋፍ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ግትሩ ድጋፍ ዋጋ ያስከፍላል፦ ተረከዝ መሬት ሲነካ የእግሩ ፊት ቀስ ብሎ እንዳይወርድ ስለሚከለክል ጉልበቱን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጭኑ የደከመም ሰው ይንገዳገዳል። የጫማውን ተረከዝ በለስላሳ ነገር መሥራት ይህን ግፊት ያበርደዋል። ጉልበቱን አጥፎ ለሚሄድ ልጅ ከፊት በኩል ቅልጥሙን የሚደግፈው ዓይነት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ጉልበቱ ራሱ ደርቆ አልዘረጋም ካለ ከድጋፉ ብዙ አይጠበቅም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ተጭነው የሚራመዱ ሰዎችን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ እጅ የጭኑን ጡንቻ ተክቶ እየሠራ ነውና፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሻቸው እስከ ጭን የሚደርስ፣ ጉልበቱ ላይ መቆለፊያ ያለው ድጋፍ ነው።

ሕመም የሌለበትንና በጣቱ ሲቆም ቅስቱ የሚታየውን የትንሽ ልጅ ጠፍጣፋ እግር በተመለከተ፣ ወላጅ ስለተጨነቀ ብቻ ድጋፍ አንሥራለት እላለሁ።

ብዙ ጊዜ የምንረሳው ጫማ ነው። ድጋፉን 2 ሴንቲ ሜትር ተረከዝ ባለው የቆዳ ጫማ ለክተን አስማምተን ሰውየው ቤቱ ገብቶ ነጠላ ጫማ ሲያደርግ፣ ቅልጥሙ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ጉልበቱም አብሮ ወደ ኋላ ይገፋል። ከፍ ያለ ተረከዝ ቢያደርግ ደግሞ ጉልበቱ ይታጠፋል። ድጋፉ አልተለወጠም፣ ሥራው ግን ተለውጧል። በገጠር ዝናብና ጭቃ የለመደው የፕላስቲክ ጫማ ከሆነ፣ እኛ የምንመኘውን ሳይሆን እርሱ የሚያደርገውን ጫማ ይዘን መለካት አለብን።

በየክፍላችሁ አንድ ነገር እንድታስጀምሩ እጠይቃለሁ፦ የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ «በየቀኑ የሚያደርጉትን ጫማ ይዘው ይምጡ» የሚል መስመር ይጨመር፤ ድጋፉን የተረከበ ሰውም ከመሄዱ በፊት በክፍሉ ሲሚንቶ ላይ ብቻ ሳይሆን በግቢው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ሲራመድ፣ ከጎን ቆመን ጉልበቱን እንየው።

አመሰግናለሁ።