ፓስወርዱን ሳናነሳ ባክአፑ በራሱ ይሥራ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ፣ ሰው ስንት ዓመት የለፋበት ፋይል በአንድ ሌሊት ሲጠፋ አይቻለሁና ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ባክአፕ፣ ማለትም የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ፣ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ከባድ አይደለም፣ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ስኬጁለር አለ፣ ሊኑክስ ላይ ክሮን አለ፣ ሰዓቱን ትነግሩታላችሁ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ሲከፈት ፓስወርድ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ላይ ነው፣ የሂሳብ ፕሮግራም በሉት የደንበኛ መዝገብ በሉት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ተነስቶ ፓስወርድ ያስገባለታል?

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ፕሮግራሙን ከፍቶ 10 ሰከንድ ጠብቆ ልክ ሰው በኪቦርድ እንደጻፈ አድርጎ ፓስወርዱን የሚያስገባ ስክሪፕት፣ ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም፣ ሠራሁ። ለተወሰነ ጊዜ ደህና ሄደ። አንድ ሌሊት ግን ከመግቢያው በፊት የአፕዴት መልእክት ብቅ አለ፣ ስክሪፕቱ አያይም እኮ፣ ፓስወርዱን እዛው መልእክቱ ላይ ጻፈና ጨርሻለሁ ብሎ ወጣ። ከዛ ቀን ጀምሮ ባክአፕ የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ደግሞ ተማምኜ ተኝቻለሁ። ያወቅኩት ዲስኩ የሞተ ቀን ነው፣ የሦስት ሳምንት ሥራ ሄደ። በዛ ላይ ፓስወርዱ ስክሪፕቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተጽፎ ነበር፣ በኖትፓድ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ፓስወርዱ የሚጠብቀው ምኑን እንደሆነ እወቁ። ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው መግቢያውን ብቻ ነው፣ ዳታው ያለበት ፋይል ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ እሱን ለመቅዳት ፕሮግራሙን መክፈት ጭራሽ አያስፈልግም። ፋይሉ ራሱ ኢንክሪፕት የተደረገ፣ ያለ ፓስወርዱ እንዳይነበብ የተመሰጠረ ቢሆንም፣ ለምሳሌ ፓስወርዶች የሚቀመጡበት የኪፓስ ፋይል፣ መቅዳት ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ቅጂውም እንደተቆለፈ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ እየጻፈበት እያለ ከተቀዳ ግን ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል፣ ወይ ይዘጋ፣ ወይ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ያለውን ቮልዩም ሻዶው ኮፒን የሚጠቀም የባክአፕ ሶፍትዌር ያዙ፣ እሱ ዲስኩ በዛች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ ይይዝና ከዛ ላይ ነው የሚቀዳው።

የዳታቤዝ ሰርቨር፣ ዳታ አደራጅቶ ይዞ ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚያቀርበው፣ ሌላ ነው። ማይኤስኪውኤል ወይ ፖስትግሬስ እየሠራ እያለ ፎልደሩን ዝም ብሎ መገልበጥ አይሆንም፣ በዳምፕ፣ ዳታውን አንብቦ ወደ ፋይል በሚጽፍ ትእዛዝ፣ ነው የሚወጣው፣ ዳምፕ ደግሞ ፓስወርድ ይፈልጋል። የአድሚኑን እንዳትሰጡት! ማንበብ እንጂ መቀየር የማይችል፣ ለባክአፕ ብቻ የሚሆን ዩዘር ፍጠሩለት። ፓስወርዱን ትእዛዙ ላይ አትጻፉት፣ ሌላ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ሲያይ ሊያገኘው ይችላል። ፖስትግሬስ ለዚህ ፓስወርዱ የሚጻፍበት ፒጂፓስ የሚባል ፋይል አለው፣ ፐርሚሽኑን 0600 አድርጉት፣ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው ማለት ነው፣ ሊኑክስ ላይ ከዛ ከላላ ፋይሉን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው።

ከዛ ፓስወርዱ የሚቀየርበት ቀን ይመጣል። ዳምፑ አትገባም ይባላል፣ ስክሪፕቱ ግን ፋይሉን ይፈጥረዋል፣ ስሙ ትክክል ቀኑ ትክክል፣ መጠኑ 0። የ7 ቀን ብቻ አስቀምጥ ብላችሁት ከሆነ በሳምንቱ ደህናዎቹ ሁሉ ተሰርዘው ባዶዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ትልልቆቹም ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ ጊትላብ፣ የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ድርጅት፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ዋናው ዳታቤዛቸው በስህተት ሲጠፋ ወደ ባክአፑ ሄዱ፣ ባዶ ነበር። የዳምፕ ፕሮግራሙ ቨርዥን 9.2፣ ዳታቤዙ 9.6፣ ስለዚህ ሳይሳካ ነው የከረመው፣ አልተሳካም የሚለው ኢሜይልም አይደርሳቸውም ነበር። የተረፉት አንድ ሰው ከአደጋው 6 ሰዓታት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በእጁ በወሰደው ስናፕሾት፣ ዳታው በዛች ቅጽበት የነበረበትን በሚይዝ ቅጂ፣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባክአፑን ራሱን ኢንክሪፕት የምታደርጉ፣ በሬስቲክም ይሁን በሌላ የባክአፕ ፕሮግራም፣ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ ራቅ ያለ ቦታ ቆልፉበት። ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ካለ አብሮት ይሄዳል፣ ያን ባክአፕ ደግሞ ማንም አይከፍትላችሁም።

አሁን ላፕቶፕ የያዛችሁ የባክአፕ ፎልደራችሁን ክፈቱና የመጨረሻውን ፋይል ቀንና መጠን እዩ። 0 ያገኘ ሰው ካለ እዚሁ ነኝ፣ ይምጣና አብረን እናየዋለን።