ከአንድ ዘይት ሁለት ነዳጅ፦ ባዮዲዝልና ታዳሽ ናፍጣ በዘመናዊ ሞተር

[ምስል፦ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጠርሙሶች። አንዱ ወርቃማ ቢጫ፣ ሌላው እንደ ውሃ የጠራ።]

እነዚህ ሁለት ነዳጆች ከአንድ በርሜል ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ሊወጡ ይችላሉ። ቢጫው ባዮዲዝል ነው። የጠራው ታዳሽ ናፍጣ ነው፤ ኤችቪኦም ይሉታል፣ «በሃይድሮጅን የታከመ የአትክልት ዘይት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። ለሞተራችሁ ግን ልዩነቱ የዋዛ አይደለም።

ከአሠራራቸው እንነሳ። የአትክልት ዘይትም ሆነ የከብት ሞራ በሞለኪውል ደረጃ ሲታይ ረዣዥም የካርቦን ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ግሊሰሪን ላይ ተያይዘዋል። ዘይቱ እንዲሁ እንዳለ ለሞተር አይሆንም፤ በጣም ይወፍራል። የአኩሪ አተር ዘይት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከናፍጣ ወደ 10 እጥፍ ይወፍራል። ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ኖዝል በደንብ አይበትነውም፣ ውስጡም ካርቦን ይጋግራል። ስለዚህ ጥሬ ዘይት ታንክ ውስጥ ገልብጦ «እኔ እኮ በባዮዲዝል ነው የምነዳው» ማለት የለም።

ባዮዲዝል ለመሥራት ዘይቱ ከሜታኖል ጋር እንዲዋሃድ ይደረጋል። ግሊሰሪኑ ይወጣል፣ ሰንሰለቶቹም ተነጣጥለው ቀጠን ያለ ነዳጅ ይሆናሉ። ሂደቱ ቀላል ነው፤ በትንሽ ፋብሪካም ይሠራል። ግን በዘይቱ ውስጥ የነበረው ኦክስጅን እዚያው ይቀራል። ከባዮዲዝል ክብደት 11 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ብዙው ነገር ከእሷ ይመዘዛል።

ታዳሽ ናፍጣ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ዘይቱ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት፣ ካታሊስት በሚባል ሂደቱን የሚያፋጥን ነገር እየታገዘ ከሃይድሮጅን ጋር ይገናኛል። ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ጠርጎ ያወጣዋል። የሚቀረው ንጹሕ ሃይድሮካርቦን ነው፤ ከድፍድፍ ዘይት የሚገኘው ናፍጣ የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ለዚህ ግን ትልቅ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ኔስቴ የተባለው ኩባንያ በፊንላንድ ፖርቮ ይህን በንግድ ደረጃ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

[ምስል፦ የሲሊንደር ቁራጭ። ኢንጀክተሩ ነዳጅ ይረጫል፣ እሳት ይነሳል።]

አሁን ሞተር ውስጥ እንግባ። ሴቴን ቁጥር የሚባል መለኪያ አለ። ነዳጁ ከተረጨ በኋላ ምን ያህል ቶሎ በራሱ እንደሚቀጣጠል ይነግረናል። በአውሮፓ መደበኛ ናፍጣ ቢያንስ 51፣ በአሜሪካ ቢያንስ 40 መሆን አለበት። ባዮዲዝል እንደተሠራበት ዘይት ከ45 በላይ ጀምሮ እስከ 60 አካባቢ ይሄዳል። ለታዳሽ ናፍጣ የወጣው የአውሮፓ መስፈርት ኢኤን 15940 ደግሞ በከፍተኛው ምድብ ቢያንስ 70 ይጠይቃል።

ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞተሩ በብርድ ቶሎ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ነጭ ጭስ ይቀንሳል፣ የናፍጣ ሞተር ኳኳታም ይለዝባል። ጉልበት ይጨምራል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ሞተሩ የተስተካከለው ለ51 ነው፤ ትርፉን ሴቴን ወደ ፈረስ ጉልበት አይቀይረውም።

እንዲያውም በሊትር ከሄድን ሁለቱም ትንሽ ያንሳሉ። ኤችቪኦ ቀለል ያለ ነዳጅ ስለሆነ አንድ ሊትሩ ከናፍጣ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያነሰ ኃይል ይይዛል። ንጹሕ ባዮዲዝል ደግሞ 8 በመቶ አካባቢ ያንሳል። ምክንያቱም ያ ኦክስጅን ቦታ ይይዛል እንጂ አይነድም። 20 በመቶ ባዮዲዝል ባለበት ድብልቅ፣ ማለትም በቢ20፣ ልዩነቱ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። አሽከርካሪው ልብ አይለውም።

የጭሱ ነገር ደግሞ ይጥመኛል። ኦክስጅኑ እዚህ ጋ ለበጎ ይሠራል፤ ነዳጁ በደንብ እንዲቃጠል ስለሚረዳ ጥቀርሻ ይቀንሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ትንተና፣ ቢ20 ጥቃቅን ብናኞችን 10 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን በካይ ጋዝ ግን 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምን ይጨምራል? አንዱ ምክንያት መካኒካዊ ነው። ባዮዲዝል ሲጫኑት እንደ ናፍጣ አይታመቅም። በድሮው ሞተር ፖምፓው ነዳጁን በቱቦ ገፍቶ ነው ኖዝሉን የሚከፍተው። ብዙም የማይታመቅ ፈሳሽ ግፊቱን ቶሎ ያደርሳል፣ ኖዝሉም ከሰዓቱ ቀድሞ ይከፈታል። ቀድሞ የተረጨ ነዳጅ ሙቀቱን ያንረዋል፤ ሙቀቱ ሲንር ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይበዛል።

ኮመን ሬይል በሚባለው ዘመናዊ ሥርዓት፣ ነዳጁ በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ተጠራቅሞ በሚጠብቅበት፣ ይህ ምክንያት ይወድቃል። ግፊቱ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ አንዳንዱ ሞተር ላይ ከ2000 ባር በላይ ይደርሳል። ኢንጀክተሩን የሚከፍተው ኮምፒውተሩ ነው፣ በኤሌክትሪክ። የሚቀረውን ደግሞ ማርሚታው መንገድ ላይ ያለው፣ ጭሱ ላይ ዩሪያ የሚረጨው ሥርዓት ያጸዳዋል። ስለዚህ ከ20 ዓመት በፊት ስለ ባዮዲዝል ጭስ የተጻፈ ነገር ስታነቡ፣ ስለ የትኛው ሞተር እንደሚያወራ ጠይቁ።

ባጭሩ ሲሊንደሩ ውስጥ ሁለቱም በደንብ ይቃጠላሉ። ጣጣው ያለው ከሲሊንደሩ ውጪ ነው። ታንኩ፣ ፊልትሮው፣ የሞተር ዘይቱና ማርሚታው ላይ።

[ምስል፦ የተዘጋ ፊልትሮ፣ ከአዲሱ ጎን።]

ከብርድ እንጀምር። ባዮዲዝል ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል። መቼ እንደሚጀምር የሚወስነው የተሠራበት ዘይት ነው። የአኩሪ አተሩ 0 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል። የፓልም ዘይቱና የሞራው ግን ገና ከ10 ዲግሪ በላይ ሳለ ይደፈርሳል። ክሪስታሎቹ መጀመሪያ የሚይዙት ፊልትሮውን ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። ኤችቪኦን ግን ፋብሪካው ሲፈልግ የሞለኪውሉን ቅርጽ ቀይሮ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እንዲቋቋም አድርጎ ይሠራዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ውሃና ዕድሜ ነው። ባዮዲዝል ከናፍጣ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ሟሙቶበት ሊይዝ ይችላል። ውሃ ባለበት ደግሞ ታንኩ ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። ከአየር ጋር ሲቆይም ይበላሻል፤ አሲድና ሙጫ መሳይ ነገር ይፈጥራል። ናስና መዳብ ይህንን ያፋጥኑታል።

ሌላም ጠባይ አለው። ባዮዲዝል ጥሩ አሟሚ ነው። ለዓመታት በናፍጣ ሲሠራ የኖረ ታንክ ውስጥ ሲገባ፣ የተጋገረውን ቆሻሻ ሁሉ አላቆ ወደ ፊልትሮው ይነዳዋል። ሰውዬው «ይሄ ባዮዲዝል ፊልትሮ ይዘጋል» ብሎ ያማርራል። የዘጋው ግን የራሱ ታንክ የቆየ ዝቃጭ ነው። ፊልትሮውን አንድ ሁለቴ ከቀየረ በኋላ ነገሩ ይረጋጋል።

አሁን ብዙም የማይወራው ጋ ደረስን፤ የሞተር ዘይት። ዘመናዊ ናፍጣ መኪና የጥቀርሻ ማጣሪያ አለው፣ ዲፒኤፍ የሚባለው። ሲሞላ ጥቀርሻውን ማቃጠል አለበት። ለዚህ አንዳንድ ሞተር ዘግይቶ፣ ፍንዳታው ካለፈ በኋላ፣ ተጨማሪ ነዳጅ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል። ከዚያ ነዳጅ ጥቂቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዞ ቁልቁል ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መደበኛ ናፍጣ ከሆነ ዘይቱ ሲግል አብዛኛው ተንኖ ይሄዳል። ባዮዲዝል የሚፈላው ግን 330 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አይተንም፤ እዚያው እየተጠራቀመ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ከፍ ባለ ድብልቅ የሚነዳ ሰው ዘይት ቶሎ ቶሎ እንዲቀይር የሚመከረው ለዚህ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ጨምሮ ካያችሁት ደስ አይበላችሁ፤ ነዳጅ ገብቶበታል።

በእርግጥ የባዮዲዝል ጥቀርሻ መጠኑም ያነሰ ነው፣ ዝቅ ባለ ሙቀትም ይቃጠላል። ያ ለማጣሪያው ጥሩ ነው። በሌላ በኩል፣ ሲሠራ በደንብ ካልታጠበ ሶዲየምና ፖታሲየም ይቀሩበታል። እነሱ አይቃጠሉም፣ አመድ ሆነው ማጣሪያው ውስጥ ይቀመጣሉ። የአውሮፓ መስፈርት ሁለቱን አንድ ላይ በኪሎ ግራም ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጡ የሚገድበው ለዚህ ነው። በጓሮ የተጠመቀ ባዮዲዝል ዘመናዊ ሞተር ውስጥ አይግባ የምለውም ለዚሁ ነው።

[ምስል፦ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ውስጡ ተከፍቶ።]

ኤችቪኦም እንከን አያጣም። የኮመን ሬይል ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በነዳጁ ነው። ንጹሕ ኤችቪኦ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ማለስለሻ ካልተጨመረበት ፖምፓውን ይበላዋል። ለሽያጭ የሚቀርበው ይህ ተጨምሮበት ነው። ባዮዲዝል እዚህ ላይ ይበልጠዋል፤ 1 ወይም 2 በመቶ ጠብ ቢደረግ እንኳ ድኝ የወጣለትን ደረቅ ናፍጣ ያለሰልሰዋል። ሌላው የጎማ ማሸጊያዎች ጉዳይ ነው። የተለመደው ናፍጣ በውስጡ ያሉት አሮማቲክ ውህዶች ማሸጊያዎቹን ያሳብጣቸዋል። ኤችቪኦ እነዚህ የሉበትም። ለዓመታት አብጦ የኖረ አሮጌ ማሸጊያ በድንገት ሲኮማተር መገጣጠሚያው ሊያንጠባጥብ ይችላል። አዳዲስ ሞተሮች ላይ ይህ ብዙም አይታይም።

የትኛውን ልቅዳ ለሚለው፣ የመኪናውን መመሪያ ክፈቱ። ቢ7፣ ቢ20 ወይም ኢኤን 15940 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ቢ7 ማለት እስከ 7 በመቶ ባዮዲዝል ይፈቀዳል ማለት ነው፤ የአውሮፓ መደበኛ ናፍጣ ወሰኑ ይኸው ነው። ኢኤን 15940 ካለበት ኤችቪኦን ያለ ምንም ድብልቅ መቅዳት ይቻላል። በየቀኑ የሚሠራ፣ ታንኩን ቶሎ ቶሎ የሚጨርስ መኪና በቢ20 ያለ ችግር ይኖራል፣ አምራቹ ከፈቀደ። ወራት ሙሉ ቆሞ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚነሳ ጀነሬተር ላይ ግን ባዮዲዝል አታስቀምጡ። እዚያ ኤችቪኦ ይመረጣል፤ ከጠፋም ባዮዲዝል ያልተቀላቀለበት ናፍጣ።